ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር፦ ለአጋዘን የአረር ክብደት ስመርጥ የያዝኩት ማስታወሻ

አንደኛ ሳምንት

አደኑ ሊከፈት ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶታል። ዘንድሮ ጥይት መርጬ ነው የምወጣው ብያለሁ። አምና የተገኘውን ገዝቼ ወጣሁ። የሆነውም ይኸው ነው፦ በ70 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን ወርቹን መታሁት። ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ጫካው ውስጥ ገባ። ሁለት ሰዓት ተኩል የደም ጠብታ ስንፈልግ ቆይተን ሊመሽ ሲል አገኘነው። ስንበልተው አረሩ የወርቹ አጥንት ላይ ተፈረካክሷል። ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ተበትኗል። ከሁለቱ ሳንባዎች የተነካው አንዱ ብቻ ነው። ያ እንስሳ ያን ያህል ሰዓት መሰቃየቱ እስካሁን ይከነክነኛል።

አብረውኝ የሚያድኑት ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ።

«ቀላል ነው የተኮስከው። ክብደት ጨምር።»

እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከ180 ግሬን ወርደው አያውቁም። ምናልባት ትክክል ናቸው። ግን በሰው አፍ ከማምን በገዛ ጠመንጃዬ ልየው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ የቃል ጣጣ ላጥራ። እኛ ሁሉንም «ጥይት» እንላለን። ቀለሁም፣ ባሩዱም፣ ጫፉ ላይ ያለውም ጥይት ነው። እዚህ የምጽፈው ስለ ጫፉ ነው፤ ከአፈሙዙ ወጥቶ ስለሚሄደው። እሱን አረር እለዋለሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 150፣ 165፣ 180 የአረሩ ክብደት ነው እንጂ የጥይቱ አይደለም። መለኪያው ግሬን ነው። ስሙ ከእህል ፍሬ የመጣ ሲሆን አንዱ 0.0648 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 150 ግሬን 9.7 ግራም፣ 165 ደግሞ 10.7፣ 180 ደግሞ 11.7 ግራም ነው። በትልቁና በትንሹ መሀል ያለው ልዩነት ሁለት ግራም ብቻ! ሰው ለዚህ ነው እንዴ የሚጣላው?

ጠመንጃዬ .308 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው። ጥይቱ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ነው። የአረሩ ወርድ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። አፈሙዜ አጭር ነው፣ 51 ሴንቲ ሜትር። ይሄ በኋላ ዋጋ ያስከፍለኛል።

ሁለተኛ ሳምንት

አራት ዓይነት ገዛሁ። 150 ተራ፣ 165 ተራ፣ 180 ወፍራም ቅርፊት፣ እና 150 ሙሉ መዳብ። ተራ የምለው ውስጡ እርሳስ ሆኖ በስስ የመዳብ ቅርፊት የተሸፈነውን ነው። አምና የፈረሰብኝም እሱ ዓይነት ነበር።

መዳቡን የገዛሁት ለነገሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልጠበቅሁበትም።

ተኩስ ሳልጀምር በወረቀት ላይ ሳሰላ አመሸሁ። ወርዱ አንድ ከሆነ ክብደት የሚጨመረው በርዝመት ነው። 180ው ከ150ው ይረዝማል። ረጅምና ቀጭን ነገር ጠልቆ ይገባል፤ ሚስማርና ሳንቲም በአንድ ኃይል ሳንቃ ላይ ቢመቱ የትኛው እንደሚገባ ማንም ያውቃል። የጋሼ ክርክር መሠረቱ ይሄ ነው፣ ሐሰትም አይደለም። ችግሩ ሚስማሩ እየሄደ ቅርጹን ይለውጣል። እንዲለውጥም እንፈልጋለን። አረሩ ፊቱ ካልተዘረጋ ቀዳዳው ጠባብ ይሆናል፣ እንስሳው ቶሎ አይወድቅም። ከልክ በላይ ከተዘረጋ ወይም ከተፈረካከሰ ደግሞ ሳንባ ሳይደርስ ይቆማል። ክብደቱ የሚናገረው ከአፈሙዙ ሲወጣ ስላለው አረር ነው። ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ስንት ግሬን እንደሚቀረው ካርቶኑ ላይ አይጻፍም።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር የአሁን አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1946 ትልቁን የአጋዘን ዘመድ ሙስን ሲያድን አረሩ ጠልቆ አልገባ አለው። ተናድዶ ቁጭ አላለም። መሀሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ የፊቱ ክፍል ይዘረጋል፣ የኋላው ሳይነካ ይቀጥላል። ዛሬም ይሸጣል። እሱ ክብደት አልጨመረም፤ የነካው አሠራሩን ነው። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «የሱ ሙስ ነው» ብለው ያልፉኛል።

ሦስተኛ ሳምንት

አጭር ሥራ። የአፈሙዙን ጥምዝ ለካሁ።

አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ ቦይ አረሩን ያሽከረክረዋል። ረዘም ያለ አረር ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል፤ ካላገኘ አየር ላይ ይዋልላል። አለካኩ ቀላል ነው። የሚሽከረከር እጀታ ባለው የማጽጃ ዘንግ ላይ ጥብቅ ያለ ጨርቅ አድርጎ ማስገባት፣ ዘንጉ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር መግፋትና ርቀቱን መለካት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ ነው የጀመርኩት። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር መጣ። በ10 ኢንች አንድ ዙር ማለት ነው። ለ180ም ለመዳቡም ይበቃል።

መዳብ ከእርሳስ ይቀላል። ስለዚህ በአንድ ክብደት የመዳቡ አረር ይረዝማል። 150 መዳቡን ከ165ቱ ጎን አቁሜ አየሁት። መዳቡ ይበልጣል! ክብደቱ ያንሳል፣ ቁመቱ ይበልጣል። እዚህ ላይ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

አራተኛ ሳምንት

መጀመሪያ ፍጥነት። ካርቶኖቹ ላይ የተጻፈው ለ150 ተራው በሰከንድ 860 ሜትር፣ ለ165ቱ 823፣ ለ180ው 799 ነው። የእኔ መለኪያ ያሳየው አማካይ 831፣ 796 እና 771 ነው። ማንም አልዋሸም። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በ61 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ ነው፣ የእኔ 51 ነው። አጭሩ አፈሙዝ ወደ 28 ሜትር በላብኝ። መዳቡ 825 ሄደ።

ከዚያ ጉልበታቸውን አሰላሁ። 150ው ወደ 3,360 ጁል፣ 165ቱ 3,390፣ 180ው 3,470። በትንሹና በትልቁ መሀል ያለው ልዩነት ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። ባሩዱ የሚሰጠው ጉልበት ያው ነው፤ ክብደት ስትጨምር ፍጥነት ትከፍላለህ።

በ100 ሜትር ላይ መሀሉን እንዲመቱ ቢስተካከሉ በ200 ሜትር ስንት ይወርዳሉ? 150ው 13፣ 165ቱ 14.5፣ 180ው 15.5 ሴንቲ ሜትር ያህል። የሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት! የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። «ቀላሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» የሚባለው እውነት ነው፣ ግን እኔ በምተኩስበት ርቀት ለወሬ እንጂ ለሥራ የሚበቃ ልዩነት አይደለም።

ከዚያ ኢላማ ላይ፣ 100 ሜትር፣ አምስት አምስት ጥይት። አፈሙዙ በየመሀሉ እንዲቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ቀዳዳዎቹ የተሰበሰቡበት ስፋት እንዲህ ነው፦ 150 ተራ 4.1 ሴንቲ ሜትር፣ 165 ተራ 2.8፣ 180 ደግሞ 5.6፣ መዳቡ 4.9።

165ቱ አሸነፈ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ታየኝ። 180ው በስፋት መበተኑ ብቻ ሳይሆን ከ150ው 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ወደ ግራ ነው የመታው። ክብደት የቀየረ ሰው የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ሳያስተካክል ወደ አደን ከወጣ ገና ከቤቱ ሲነሣ ስቷል ማለት ነው።

አምስተኛ ሳምንት

165ቱን ደገምኩት። 3.9 መጣ። ያው ጥይት፣ ያው ጠመንጃ፣ ያው እኔ። እንግዲህ 2.8ቱ ግማሹ ዕድል ነበር። በሦስት ጥይት የሚፎክር ሰው ሳይ ከዛሬ ጀምሮ ዝም ነው የምለው።

የ180ው ግን ቆረቆረኝ። ጋሼን ጠራኋቸው። ከጎኔ ተቀምጠው ጥይቱን እሳቸው እያጎረሱ አቀበሉኝ፤ አንዳንዴ የሚተኮስ፣ አንዳንዴ ባዶ የልምምድ ጥይት፣ ሳይነግሩኝ። ሦስተኛው ላይ ምላጩን ስስብ ጠመንጃው ቀጭ አለ። አልተኮሰም። አፈሙዙ ግን ቁልቁል ወደ ግራ ተወዘወዘ። ርግጫውን ፈርቼ ትከሻዬ ቀድሞ እየገፋው ነበር።

ጋሼ ሳቁ። «አረሩ ምን አደረገ? አንተው ነህ የበተንከው።»

አፈርኩ። ርግጫውን ሳሰላው በእኔ 3.6 ኪሎ ጠመንጃ 150ው ወደ 22 ጁል፣ 180ው ወደ 25 ጁል ይራገጣል። ብዙ አይመስልም። ግን ሃያ ጥይት በተከታታይ ከተቀመጡበት ለተኮሰ ትከሻ ብዙ ነው። በሌላ ቀን በአምስት ጥይት ብቻ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ 180ውን ደገምኩ። 3.7 ሴንቲ ሜትር። ጥይቱ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን እዚህ የምጽፈው አራተኛ ሳምንት ላይ የሰፈረውን 5.6 ማንም እንደ ማስረጃ እንዳይዘው ነው።

ሆኖም የተማርኩት ነገር አለ። የሚያስፈራኝን ጥይት በጥንቃቄ ብተኩሰው ኢላማ ላይ ይሠራል። ጫካ ውስጥ ልቤ እየመታ፣ አጋዘኑ ሊሄድ ሲል፣ ያ ጥንቃቄ ይኖረኛል ወይ? አይመስለኝም።

ስድስተኛ ሳምንት

የጄሪካን ቀን። ከሁሉም የወደድኩት ሥራ።

ውሃ የሞሉ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካኖች በመስመር ደረደርኩ፣ ከኋላቸው የአፈር ክምር። ውሃ ሥጋ አይደለም፤ አጥንትም ቆዳም የለውም። «አራት ጄሪካን ገባ ማለት ይህን ያህል ሥጋ ይገባል» ማለት አይቻልም። አንዱን ከሌላው ለማወዳደር ግን ጥሩ ነው፣ አረሩንም ተለቅሞ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ርቀቱ 50 ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥይት። ሁለቱም ጊዜ ውጤቱ ተቀራራቢ ስለነበር አንድ አንዱን ልጻፍ።

150 ተራው አራተኛው ጄሪካን ውስጥ ቆመ። ቅርፊቱ ከእርሳሱ ተለያይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ስመዝን 82 ግሬን። የቀረው ውሃው ውስጥ እንደ አሸዋ ተበትኗል። የአምናው አጋዘኔ ዓይኔ ላይ መጣ። 165 ተራው አምስተኛው ውስጥ፣ 104 ግሬን። 180ው ስድስተኛው ውስጥ፣ 139 ግሬን። እስከዚህ ድረስ ጋሼ በእያንዳንዱ ተኩስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ክብደት ሲጨምር ጥልቀት ይጨምራል፣ በቃ።

ከዚያ 150 መዳቡ። አንደኛው ጄሪካን ፈነዳ፣ ውሃው ወደ ላይ ተተኮሰ። አረሩን ስንፈልግ ስድስተኛው ውስጥ አገኘነው። ፊቱ አራት ቅጠል ሆኖ ወደ ኋላ ተገልብጧል። ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፦ 149 ግሬን።

ጋሼ ሚዛኑን አጥፍተው አበሩት። እንደገና 149።

በ150 የገባው በ149 ወጣ። በ180 የገባው በ139 ወጣ። እንግዲህ የትኛው ነው ከባዱ? ውሃው ውስጥ ሥራ የሠራው ክብደት የመዳቡ ይበልጣል። አምና የፈረሰውን በ180 ብተካው ኖሮ ምናልባት ይሻል ነበር፤ ግን በሽታው ያለው አሠራሩ ላይ ነው፣ ክብደት ሲጨመርበት የሚፈርሰው ቀነሰ እንጂ መፍረሱ አልቀረም።

180ውን በ200 ሜትርም ሞከርኩት። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 660 ወርዷል። ሰባተኛውን ጄሪካን አልፎ አፈሩ ውስጥ ገባ፣ ቆፍሬ አወጣሁት። ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኗል። ወፍራሙ ቅርፊት ብዙም አልተዘረጋም። ይህ ዓይነቱ 180 የሚሠራው ሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ታስቦ ነው። ስድሳ ሰባ ኪሎ የሚመዝን አጋዘን ጎድኑ ላይ ቢመታ ጠባብ ቀዳዳ ቀድዶ ሊያልፍ ይችላል። ጥልቀት ሲበዛም ትርፉ ለአፈሩ ነው። መዳቡን በዚያው ርቀት ስተኩሰው 14 ሚሊ ሜትር ተዘርግቶ ስድስተኛው ውስጥ ቀረ።

ስለ እርሳስ ስብርባሪ አንድ ነገር። በእርሳስ አረር የተመታ እንስሳ በራጅ ሲታይ በዓይን የማይለዩ ቅንጣቶች ከቁስሉ ራቅ ብለውም ሥጋው ውስጥ ይገኛሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አደን ላይ የእርሳስ ጥይት ከልክላለች፣ ዴንማርክም ከ2024 ጀምሮ ለጠመንጃ ከልክላለች። ያደንኩትን ልጆቼ ናቸው የሚበሉት። ያን 82 ግሬን ሳይ የቀረው 68 የት እንደገባ መጠየቄ አልቀረም።

ሰባተኛ ሳምንት

መዳቡ ኢላማ ላይ 4.9 ነበር፤ አልጣመኝም። አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር። አፈሙዙ በሌሎቹ ቅርፊት ትራፊ የተለበጠ ነው። የመዳብ አረር የሚሠሩ ሰዎች አጽድታችሁ ጀምሩ የሚሉት ወደው አይደለም። መዳብ በሚያሟሟ ማጽጃ ጨርቁ ሰማያዊ መሆን እስኪያቆም ድረስ አጸዳሁ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀ። ሽታው እጄ ላይ ሦስት ቀን ቆየ።

ከዚያ አምስት ጥይት፦ 3.2። በማግስቱ ሌላ አምስት፦ 3.5። ይበቃኛል።

ወንድሜ መጥቶ «ለኔስ?» አለኝ። የሱ ጠመንጃ የሚተኩሰው .270 የሚባለውን ጥይት ነው። ለ.270 የተለመደው 130 ግሬን ነው፣ ለአጋዘን ሌላ መፈለግም አያስፈልገውም። ለሌሎቹ የጥይት ዓይነቶች ደግሞ፣ ለ.243 ከ95 እስከ 100፣ ለ6.5 ክሪድሞር ከ129 እስከ 143፣ ለ.30-06 ከ150 እስከ 180 ይባላል። መዳብ ከሆነ ከተለመደው አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ይቻላል። በ.243 ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል፤ ቀላሎቹ አረሮች የተሠሩት ለትናንሽ እንስሳ ስለሆነ አጋዘን ላይ ቆዳው ሥር ይፈነዳሉ። ሌላውን ራሱ ይሞክረው አልኩት። ጄሪካኖቹ አልቀዋል።

ስምንተኛ ሳምንት

ወሰንኩ። 150 መዳብ።

አንድ ድካም አለበት። መዳብ እንዲዘረጋ ፍጥነት ይፈልጋል። በሰከንድ ወደ 610 ሜትር ከወረደ በኋላ አላምነውም። የእኔ አጭር አፈሙዝ በሚሰጠው ፍጥነት ያ 300 ሜትር አካባቢ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ለራሴ 250 ሜትር ወሰን አደረግሁ። ረጅም አፈሙዝ ቢኖረኝ ትንሽ እጨምር ነበር። በኔ ችሎታ ግን 250ም ብዙ ነው።

መነጽሩን በ100 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታ አስተካከልኩ። በ200 ሜትር ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እስከዚያ ድረስ መሀሉን አልሞ መተኮስ ነው፣ ስሌት የለም።

ጋሼ አልተቀየሩም። እሳቸው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ በ50 እና 60 ሜትር፣ አብዛኛውን ጊዜ የዱር አሳማ ነው የሚተኩሱት። አሳማ ወርቹ ወፍራም ነው፣ ርቀቱ ቅርብ ነው፣ አረሩ በሙሉ ፍጥነቱ ይደርሳል። 180 ለሳቸው ትክክል ነው። የተረፈኝን 180 ካርቶን ሰጠኋቸው። «በመጨረሻ ገባህ» አሉኝ። ዝም አልኩ።

አደኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን

ጠዋት አንድ አጋዘን በ180 ሜትር ላይ ቆሞ ነበር፣ ግን ጀርባውን ሰጥቶን። ጋሼ አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። በየትኛውም ክብደት አልተኩሰውም። ሄደ።

ከሰዓት፣ 95 ሜትር፣ ሌላ። ትንሽ ወደ እኛ ዞር ብሎ ቆሟል። አረሩ የወርቹን አጥንት ነክቶ እንደሚገባ ገብቶኛል፤ አምና የፈረሰብኝ ልክ እዚህ ቦታ ነው። ምላጩን ሳብኩ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ። የደሙ ዱካ ሕፃን ልጅም የሚከተለው ነበር፣ በሁለቱም ጎን።

ማታ ስንበልተው አጥንቱ ተሰብሯል፣ ሁለቱም ሳንባዎች ተበስተዋል። ሚዛኑን ከቤት ይዤ መጥቼ ነበር። የአረሩን ክብደት እዚህ ልጽፍ ቦታ ትቼለት ነበር። በዚያኛው ጎን ጎድን መሀል የአውራ ጣቴን የሚያህል ቀዳዳ አለ። አረሩ ወጥቶ ሄዷል።

«ፈልገው እንግዲህ» አሉ ጋሼ፣ በባትሪያቸው ተራራውን እያሳዩኝ።